እንቅርት ያለበት ሰው ኬልፕ ባይወስድ ይሻላል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ባሕር አረም በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደህና ነው፤ እንቅርት ላለበት ሰው የኬልፕ እንክብልን መምከሩ ግን መታረም አለበት።

ኬልፕ ከቡናማ አልጌዎች ትልልቆቹ የሚጠሩበት ስም ነው። ተክል ይመስላል እንጂ ተክል አይደለም፤ ሥር የሚመስለው ዐለት መያዣው ብቻ ነው፣ ምግቡን ከውሃው የሚስበው በመላ አካሉ ነው። የካሊፎርኒያው ግዙፍ ኬልፕ ሲመቸው በቀን እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ብዙ ዓሣም ይጠለልበታል። አዮዲንን፣ ማለትም በሰውነት ሲያጥር እንቅርት የሚያመጣውን ንጥረ ነገር፣ ከባሕሩ ለቅሞ በሺዎች እጥፍ ያከማቻል። ባሕሩ ሸሽቶ አየር ላይ ሲቀር ከፊሉን ይለቀዋል፤ ከባሕር የተነሣ አዮዲን በዝናብ ወደ የብስ ይደርሳል። በደጋ ግን ጎርፉ አፈሩን ያጥበዋል፤ የእኛ ደጋ በእንቅርት የተጎዳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኬልፕ አዮዲን አለው፤ ችግሩ መጠኑ ነው። ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ይበቃል። ጃፓኖች ሾርባ የሚሠሩበት ኮምቡ የተባለው ኬልፕ ግን ደርቆ በአንዱ ግራም 2,000 ማይክሮግራምና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል፤ የሁለት ሳምንት ድርሻ በአንድ ቁንጥር ማለት ነው። ሲቀቀል ብዙው ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁን የጠጣ አዮዲኑንም ጠጣ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሆካይዶ ዳርቻ ኬልፕ በሚያዘወትሩ ጃፓናውያን ላይ እንቅርት መብዛቱ ተመዝግቧል፤ አዮዲን ሲበዛ አንገት ላይ ያለው፣ ሲያብጥ እንቅርት የሚባለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን መሥራቱን ያቆማል፣ በአንዳንዱም ሰው ቶሎ አይመለስም።

እኛን ይበልጥ የሚያሰጋን ተቃራኒው ነው። ለዓመታት አዮዲን ያጠረውና ውስጡ እባጭ ያበጀ እንቅርት ድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኝ ያለ ልጓም ሆርሞን ያመርታል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል፤ በዕድሜ በገፉት ላይ የልብ ምት ይዛባል።

ከውጭ ዘመድ የላከው እንክብል እጃችሁ ከገባ መለያውን አንብቡ። የኬልፑ ክብደት ብቻ ተጽፎ የአዮዲኑ ማይክሮግራም ካልተገለጸ አትዋጡት፤ ይዘቱ እንደ ዝርያው፣ እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ወስዳችሁ ከሆነም ከታይሮይድ ምርመራ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፤ በጨረር አመንጪ አዮዲን የሚደረገውን ምርመራ ያበላሸዋል። (ስፒሩሊና ሌላ ነገር ነው። በእኛው ጭቱ ሐይቅ የሚገኘው ይህ ደቂቅ ሕያው ከቡናማ አልጌዎች ወገን አይደለም፤ ለአዮዲንም ብሎ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ያባክናል።)

አዮዲኑን ከጨው ማግኘት ይቻላል። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ጨው 5 ግራሙ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ 150 ማይክሮግራም ይሰጣል። አሞሌ ግን አዮዲን አይጨመርበትም። የታሸገውም ቢሆን እርጥበትና ብርሃን ስለሚያጠፉት ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም ከመጀመሪያው ሳይሆን ሊወጣ ሲል ይግባ። ጨው መከላከያ ነው፤ የቆየ ትልቅ እንቅርትን አያጠፋም። እንዲህ ያለበት ሰው መጀመሪያ የታይሮይድ የደም ምርመራ ያድርግ፤ ሆርሞኑ በዝቶ ይሁን አንሶ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ግምት ነው።

አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ