200 ቴራባይት ብትይዝስ፣ የቱ ዴክ ላይ ልትከተት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ቻይናውያኑ አዲስ ዲስክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ጮክ ብዬ ለባለቤቴ። 200 ቴራባይት ትይዛለች፣ በመጠን ከተራ ዲቪዲ አትበልጥም፣ ብሉ-ሬይ የተባለውን የፊልም ዲስክ ታባርራለች ብላችኋል። ስለ ሳይንሱ አልከራከርም። የሻንጋይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ሥራ ነው። ብዕር ያስነሳችኝ "ታባርራለች" የምትለዋ ቃል ናት።

እኔ ከ1993 እስከ 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ሳከራይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ። አንዱ ዲስክ ሌላውን ሲያባርር፣ አባርራለሁ ብሎ መጥቶ ራሱ ሲባረርም ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ አይቻለሁ።

ስጀምር መደርደሪያዬ ላይ የነበረው ሁሉ ካሴት ነው። ደንበኛ የቀበሌ መታወቂያውን አስይዞ ይወስዳል፣ ሳያጠነጥን ይመልሳል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አጠነጥናለሁ። ክረምት ሲገባ ካሴቱ ይሻግታል። የሻገተ ካሴት የከተተ ሰው ደግሞ ዴኩን ተሸክሞ ሱቄ ድረስ ይመጣል፣ ክፈል ብሎ።

ከዚያ ቪሲዲ መጣ። ልብ በሉልኝ፣ ቪሲዲ በምስል ጥራት ከደህና ካሴት የሚሻል ነገር አልነበረም። ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ ጨለማ ውስጥ የሚደረግ ድብድብ ከሆነማ ማን ማንን እንደመታ አይለይም። አንዱ ሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ፊልሙ ሁለት ላይ ይከፈላል፣ የህንድ ከሆነ ሶስት። ሰዎች ሲዲ አንድን መልሰው ሲዲ ሁለትን ዴካቸው ውስጥ ረስተው ይመጣሉ፣ እኔም ሳላይ ለሌላ ሰው አከራየዋለሁ፣ ያ ምስኪን ደግሞ ልክ ልጅቷ ልትሞት ስትል ፊልሙ ያልቅበታል። በዚህ የተነሳ የሰማሁትን ስድብ ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም።

ግን ካሴቱን በሁለት ሶስት ዓመት ውስጥ ጠራርጎ አስወጣው። ርካሽ ነው፣ አይጠነጠንም፣ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ያባዛዋል። (ይሄ የሚያሳፍር ነገር ነው። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ከወጣ በኋላም ምን ይሠራ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም።) የአማርኛ ፊልም ሠሪዎችም ሥራቸውን በቪሲዲ ማውጣት ጀመሩ። ያኔ አለቀ። የአማርኛ ፊልም ያለበት ነገር ነው እኛ ቤት የሚነግሠው።

ዲቪዲ በውጭው ዓለም ከ1996 እና 1997 ጀምሮ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው። እኛ ሰፈር በደንብ የገባው ዘግይቶ ነው። እና እንዴት ገባ? በጉልበት አልገባም፣ ተለማምጦ ነው የገባው። ከመርካቶ የሚገዛው የቻይና ዲቪዲ ዴክ ቪሲዲውንም፣ የዘፈን ሲዲውንም፣ ኤምፒስሪውንም አይመርጥም፣ ሁሉንም ይበላል። ሰውየው አዲስ ዴክ ገዝቶ በማግስቱ ከእኔ የሚከራየው ያንኑ አሮጌ ቪሲዲ ነው። ለዓመታት እንዲህ ነበር። የቤቱን ሲዲ አውጥቶ የጣለ የለም፣ ጣል ያለውም የለም። ዲቪዲው እየቆየ፣ እየቆየ፣ አንድ ቀን መደርደሪያዬን ዞር ብዬ ሳየው ግማሹን ይዞታል።

እግረ መንገዴን፣ ከሲዲ ጋር የኖረ ሰው ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው። ሲዲ ላይ ግን መረጃው ያለው ከጽሑፉ ሥር ነው፣ ከላይኛው ገጽ ቀጥሎ። የሚያብረቀርቀው ጎን ቢጫር ኮልጌት ቀብተህ ታሸዋለህ፣ አንዳንዴ ይነሳል። ጽሑፉ ያለበት ጎን ከተላጠ ግን በቃ፣ ጸሎት ነው። ዲቪዲ የተሻለው እዚህ ላይ ነው፤ መረጃው መሐል ላይ፣ በሁለት ፕላስቲክ ተጣብቆ ነው የተቀመጠው። ለአከራይ ይሄ ከምስል ጥራት ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት እህቴ ከሜሪላንድ መጣች። ለሚሊኒየሙ እመጣለሁ ብላ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው የደረሰችው። "ለሥራህ ይሆንሃል" ብላ አንድ ዴክ ከአምስት ፊልም ጋር ሰጠችኝ። ዋጋው በጣም ወርዶ አግኝታው ነው፣ ደስ ብሏታል። ለምን እንደወረደ ግን አልጠየቀችም። ዴኩ ኤችዲ ዲቪዲ ነበር። ኤችዲ ዲቪዲ ደግሞ በዚያው ዓመት የካቲት ሞቶ ተቀብሯል።

ለማያስታውሱ ወጣቶች ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ዲቪዲን እንተካለን ብለው ወጡ። ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲን ይዞ በመጋቢት ጃፓን ውስጥ ቀደመ፣ እነ ሶኒ ብሉ-ሬይን አስከተሉ። ሁለቱም ሰማያዊ መሰል ሌዘር ነው የሚጠቀሙት፣ የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖሜትር። የዲቪዲው ቀይ ሌዘር 650 ነው፤ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ብዙ መረጃ ይጠቀጠቃል። ብሉ-ሬይ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት፣ ኤችዲ ዲቪዲ 15። በቁጥር ብቻ ያየ ሰው ብሉ-ሬይ ያሸነፈው ብዙ ስለያዘ ነው ይላል። ተሳስቷል።

በነጋዴ ዓይን ካያችሁት ማሸነፍ የነበረበት ኤችዲ ዲቪዲ ነው። መረጃው የተቀመጠው እንደ ዲቪዲ 0.6 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ስለሆነ የዲቪዲ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን ትንሽ አስተካክለው ማተም ይችሉ ነበር። ብሉ-ሬይ መረጃው ከላዩ 0.1 ሚሊሜትር ላይ ነው፣ አዲስ ማሽን ይፈልጋል፣ እንዳይጫርም ጠንካራ ልባስ ይቀባል። ዴኩም ውድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ኤችዲ ዲቪዲ ዴክ 499 ዶላር ሲሸጥ የመጀመሪያው ብሉ-ሬይ 999 ነበር። በዚያ ላይ ኤችዲ ዲቪዲ የሪጅን ቁልፍ የለውም፣ ከየትም ገዝተህ የትም ታያለህ። እንደኛ ላለ፣ ዕቃው በዘመድ ሻንጣ ለሚመጣለት ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

የጣለው ፕሌይስቴሽን 3 ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 ያወጣው የጌም ማሽን ውስጥ ብሉ-ሬይ ተገጥሞበት ነበር። ልጆች ጌም ብለው ገዙት፣ ወላጆች ሳያውቁት ብሉ-ሬይ ቤታቸው ገባ። ማይክሮሶፍት ለራሱ የጌም ማሽን፣ ለኤክስቦክስ 360፣ የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ አቅርቦ ነበር፣ ግን ለብቻ የሚገዛ ነው፣ 199 ዶላር ተጨምሮበት። ቀጥሎ የፊልም ኩባንያዎቹ መጡ። ዋርነር ለሁለቱም ያትም ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2008 ከእንግዲህ ብሉ-ሬይ ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ተፈታ ሹራብ ነው የተተረተረው። የአሜሪካው ትልቅ የሱቅ ድርጅት ዎልማርትም በየካቲት አጋማሽ ጥሎ ወጣ። የካቲት 19 ቶሺባ በቃኝ አለ። ከዋርነር መግለጫ እስከዚያ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም።

እና የእህቴ ዴክ ምን ሆነ? መጀመሪያ 110 ቮልት ነው፣ ትራንስፎርመር ገዛሁለት። አምስቱን ፊልም ከተትኩ፣ አየሁ፣ እውነት ለመናገር በ21 ኢንቹ ከርሳም ቲቪዬ ላይ ከዲቪዲ ልዩነቱ አልታየኝም። ከዚያ ቪሲዲ ከተትኩበት። አልበላም አለ። ሌላ ሞከርኩ፣ አልበላም። በአገሩ ሁሉ ያለውን ሲዲ የማይበላ ዴክ! ባለቤቴ "ሱቅህ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚንቅ እንግዳ" አለችው። ኮፒ ዲቪዲ ግን ጥርት አድርጎ ያጫውት ነበር፣ ስለዚህ ለብዙ ዓመት እንደ ውድ ዲቪዲ ዴክ ተጠቀምኩበት።

ብሉ-ሬይስ አሸንፎ የት ደረሰ? በአስራ አንድ ዓመት ሥራዬ ብሉ-ሬይ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ከዱባይ የመጣ ልጅ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ብሉ-ሬይ ብቻውን ከቀረ በኋላ ለዓመታት ብዙ የሚሸጠው ያው አሮጌው ዲቪዲ ነበር። ሰው ዲቪዲ ይበቃኛል ካለ ይበቃዋል፣ ምን ታደርገዋለህ። ሶኒ ራሱ የሚቀዳበትን ባዶ ብሉ-ሬይ ማምረት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አቁሟል። እንግዲህ አዲሷ ዲስክ ታባርረዋለች ያላችሁት ይህንን፣ ወደ በሩ እየሄደ ያለውን ነው።

ቻይናውያን ራሳቸው ይህን ሞክረውት ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢቪዲ የሚባል ነገር አወጡ፣ ለዲቪዲ ባለመብቶች የሚከፍሉት ገንዘብ ስላንገበገባቸው። ዲስኩ ያው የዲቪዲ ዲስክ ነው፣ ምስሉ የሚታመቅበት መንገድ ብቻ የተለየ። በ2009 ደግሞ የሞተውን ኤችዲ ዲቪዲ መሠረት አድርገው ሌላ አመጡ። የዓለምን ዴክ ሁሉ የሚሠሩት እነሱ ሆነው ሳለ ሁለቱም አልተሳኩም። ፋብሪካው በእጅህ ሆኖ እንኳ ሰው ቤት ውስጥ የተደረደረውን ማሸነፍ ከባድ ነው።

የእኔን ሱቅ የዘጋው ዲስክ አልነበረም። ታውቁታላችሁ፣ ያቺ ዴኩ ግንባር ላይ ያለችው የፍላሽ ቀዳዳ ናት። የቻይና ዴክ ሠሪዎች ደንበኛ እናስደስት ብለው ቀዳዳዋን ጨመሩ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላላትም፣ እኔም። ከዚያ ከሱቄ ሦስት በር አለፍ ብሎ አንድ ልጅ ኮምፒውተር ይዞ ተቀመጠ። ፍላሽ አምጡ፣ ፊልም ልጫንላችሁ አለ። መታወቂያ ማስያዝ የለ፣ መመለስ የለ፣ ቅጣት የለ፣ ጭረት የለ። ዴኩ ያው የድሮው ነው፣ ማንም አዲስ ነገር አልገዛም። በስምንት ወር ውስጥ ባንኮኒዬን ሸጥኩ። ልጁን አልቀየምኩትም፣ አሁንም ሰላም እንባባላለን፤ እሱም ኢንተርኔት መጥቶበት ስልክ ጥገና ገብቷል።

ታዲያ የሻንጋይዋ ዲስክ? 100 ንብርብር አላት፣ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ርቀት 1 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፣ የምትጽፈው ነጥብ ደግሞ 54 ናኖሜትር። በጣም ይገርማል። በተራ ዲቪዲ ብትመነዝሯት ከ42 ሺህ በላይ ትሆናለች። ሱቄ ውስጥ የነበረው 3 ሺህ ቪሲዲ ቢገለበጥባት ከመቶ አንድ እጇን ነው የሚሞላው። ግን ላብራቶሪ ውስጥ የተጻፈችበት ሌዘር የቤት ዕቃ አይደለም፣ ምቱ እጅግ አጭር የሆነ ውድ መሣሪያ ነው። እኛ ቤት ያለውን ሲዲ የሚበላ፣ እሷንም የሚበላ ዴክ ማን ይሠራል? ማንስ ፊልም ያትምባታል? እነዚህን ሳትጠይቁ ገጹን ጨረሳችሁት።

ቦታ የላትም አልልም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 አሥር ሺህ ብሉ-ሬይ ዲስክ የሚይዝ ቁም ሣጥን ሠርቶ አሳይቶ ነበር፣ ብዙ የማይነካ መረጃ ለማስቀመጥ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከሆነ ይገባኛል። መብራት ሳትበላ መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ ዲስክ ለእኛው ወመዘክር፣ ለሬዲዮ ጣቢያ የድሮ ክሮች፣ ለአማርኛ ፊልሞቻችን ዋና ቅጂዎች ብትመጣ እኔ ራሴ ሄጄ አጨበጭባለሁ። ስንቱ ፊልም ዛሬ ያለው በተጫረ ቪሲዲ ላይ ብቻ እንደሆነ ብታውቁ! እኔ ቤት አልጋ ሥር በሁለት ማዳበሪያ ያለው አንዳንዱ ሌላ ቦታ መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ጸሐፊያችሁ በዚህ በኩል ቢመጣ ኖሮ ከእሱ ጋር ነበርኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅና ልጨርስ። የእህቴ ዴክ አርጅቶ ሌንሱ ደክሟል፣ ጠጋኙም ለዚህ የሚሆን ሌንስ አይገኝም ብሎኛል። አምስቱ ዲስኮች ግን አንድም ጭረት የለባቸውም፣ አንደኛውንም መብራት ጠፍቶብኝ እስከ መጨረሻው አላየሁትም። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል የሚሠራ ኤችዲ ዲቪዲ ዴክ ያለው ሰው ካለ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ያሳውቀኝ። ትራንስፎርመሩን እኔ አመጣለሁ።

የቀድሞ ፊልም አከራይ
ከአዲስ አበባ