የሥዕል ክበብ፦ ከፒሩ ንጉሥ ጋር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ የሥዕል ክበባችን በብዙ ነገር አልባከነም። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት እየተገናኘን ዓመቱን ሙሉ ያየነው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች በድንጋይ እያተሙ ያሰራጯቸውን የፖለቲካ ስላቅ ሥዕሎች ነው።

የጀመርነው በፒር ነው። በ1831 (እ.ኤ.አ.) ሻርል ፊሊፖን የተባለ የጋዜጣ አሳታሚ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን አዋርደሃል ተብሎ ፓሪስ ፍርድ ቤት ቀረበ። እሱም አራት ሥዕሎች አሳየ። የመጀመሪያው የንጉሡ ፊት ነው። ከዚያ ጉንጩ እየሰፋ፣ አናቱ እየጠበበ ይሄዳል። አራተኛው በቃ ፒር ነው። መመሳሰል ወንጀል ከሆነ ፍሬውንም ክሰሱት ብሎ ተሟገተ። አልዳነም፤ 6 ወር እስራትና 2,000 ፍራንክ ተፈረደበት። ፒሩ ግን በየግድግዳው ይሣል ጀመር። ፒር በፈረንሳይኛ «ፑዋር» ነው፤ በአራዳ ቋንቋቸው ደግሞ ሞኝ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ ኅብረ ቃሉ እሱ ነዋ!» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም።

ኅትመቱንም ሞክረናል። ሊቶግራፊ፣ ማለትም በድንጋይ ማተም፣ የሚሠራው ዘይትና ውሃ ስለማይዋደዱ ነው። በኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይሣላል፤ ድንጋዩ በውሃ ይረጥባል፤ ቀለሙ የሚይዘው ቅባቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ድንጋይ ስለሌለን በፎይልና በኮካ ሠራን። ኮካው ውስጥ ያለው አሲድ ፎይሉን ያዘጋጀዋል። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ድፍን ጥቁር ሆነው ወጡ፤ ለካ ቀለም ከመቀባታችን በፊት ፎይሉ ይደርቅብን ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ልጅ እርጥብ ስፖንጅ ይዞ አጠገቡ እንዲቆም አደረግን፤ ተስተካከለ።

ከሁሉ በላይ የቆየነው ኦኖሬ ዶሚዬ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ላይ ነው። ንጉሡን የሕዝብ ገንዘብ የሚውጥ ግዙፍ ሰው አድርጎ ሲሥለው ገና 23 ዓመቱ ነበር፤ ታስሮበታል። እኔ ግን ልጆቹ እንዲያዩለት የፈለግሁት የ1834ቱን «ትራንስኖኔን ጎዳና» ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወታደሮች ከአንድ ሕንጻ ተተኮሰብን ብለው ሌሊት ገብተው ነዋሪዎቹን ገደሉ። ሥዕሉ ላይ የሌሊት ልብስ የለበሰ ሰው አልጋው አጠገብ ተዘርግቷል። ወታደር የለም። ጠመንጃ የለም። ከሰውየው ሥር ሕፃን እንዳለ የምናየው ቆይተን ነው። መጀመሪያ ያየው ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሲያሳየን ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ይሄ ስላቅ ነው?» የሚለው ክርክር ሦስት ረቡዕ ወሰደብን። እኔ ነው ባይ ነኝ። መንግሥት ሊያስረሳ የፈለገውን ነገር አልጋው አጠገብ አስተኝቶ ያሳያል፤ ከፒሩም ይልቅ የሚያምመው ይሄ ነው። ፖሊስም ኅትመቱን እያሳደደ ሰብስቧል። በ1835 ሥዕል ያለ ሳንሱር እንዳይታተም ሕግ ወጣ፤ ዶሚዬም ጠበቆችንና ቤት አከራዮችን ወደ መሣል ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሊቶግራፎች ሠርቷል።

ግንቦት ላይ የልጆቹን ኅትመቶች በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ሰቀልን። የታክሲ ሰልፍ፣ የውሃ ጄሪካን፣ ፈተና የሚያርም ደካማ መምህር አሉበት። ለከርሞ ሁለት ሮለርና የዘይት ቀለም ያስፈልገናል፤ ፎይል የምታዋጡን ወላጆች ካላችሁ ከመስከረም ጀምሮ እንቀበላለን።