በጣሳ የፈላው ቡና

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። (ይህን የምታነቢላት የእኅቴ ልጅ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢ፤ «እሱን ተዪው» ብትልሽም እንዳትዘዪ።)

በዚህ ወር የላክሁልሽ ብር ለምን እንዳነሰ ስትጠይቂኝ «ኑሮ ተወደደ» ብዬ አለፍሁሽ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ከሰኔ 30 ወዲህ ሥራ የለኝም። መሥሪያ ቤቱ ኮንትራቴን አላደሰውም። ሲገኝ የቀን ሥራ እሠራለሁ፣ ሳይገኝ ልጆች ስጠብቅ እውላለሁ።

ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ «ተመስገን በል»። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ቃልሽን አንድ ቀን አምርሬ ጠልቼዋለሁ።

በ2014 ኅዳር አልቆ መንገዱ ሲከፈት፣ በጦርነቱ ከተሰደድንበት ከደብረ ብርሃን ወደ ኮምቦልቻ የተመለስን ቀን ነው። በሩ ተገንጥሏል፣ ማሽላው ጎተራ ሳይገባ አልቋል፣ ላሟም የለችም። አንቺ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ነጠላሽን እያጣፋሽ «ተመስገን» አልሽ። ደሜ ፈላ። «ለየትኛው ነው የምታመሰግኚው?» ብዬ ጮህሁብሽ። ዝም አልሽኝ። ኋላ ጓዳ ገብተሽ የጀበናውን ስባሪ ስትለቅሚ ግን ስቅስቅ ብለሽ አለቀስሽ። ለላሟ ያላለቀስሽ ለጀበና!

ያን ጊዜ ነው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ጭብጥ የማትሞላ ጥሬ ቡና በሻሿ ጫፍ ቋጥራ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች የገባችው። የእሷም ቤት እንደኛው ነበር። አንቺ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጥበሽ ሦስት ድንጋይ ላይ ጣድሽ። የተረፈው ሲኒ አንድ ስለሆነ ተራ በተራ ጠጣን። አቦሉም ቶናውም ቲማቲም ቲማቲም ይል ነበርና ሁለታችሁ እንባችሁ ሳይደርቅ በሳቅ ወደቃችሁ። በረካው ላይ እሷ በእምነቷ፣ አንቺ በእምነትሽ መረቃችሁ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» እል ነበር።

የገናን ጾም ኅዳር 15 በሰው ደጅ ጀመርነው፣ ታኅሣሥ 29 በሽሮ ፈታነው። «የቀረው ዶሮው ነው እንጂ ልደቱማ አልቀረም» ብለሽ እልል አልሽ።

ሰሞኑን አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትዝ አለኝ። እሑድ እሑድ ጸሎተ ነቢያትን ሲደግም ዕንባቆም ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝግ ይል ነበር። እኔም አውጥቼ አነበብሁት። ለካ ነቢዩ የሚጀምረው «እስከ መቼ ነው?» ብሎ በመክሰስ ነው። ልቡ ይደነግጣል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። በለሱ ባያፈራ፣ በጎቹ ከበረቱ ቢጠፉ፣ ላሞቹም በጋጣቸው ባይገኙ፣ «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ይላል። ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አንዲት ላም ወደ ጋጣዋ አልተመለሰችም፣ እማዬ! እኔ ደስታው ላሟ ከተገኘች በኋላ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አንቺም ያን ቀን ሐዘንሽን ደብቀሽ አልነበረም ተመስገን ያልሽው፤ አልቅሰሽም አመስግነሽም ነው።

ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ የጻፈው ታስሮ ነው። የኛው ወሎ «አብሽር» ደግሞ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ «የምሥራች፣ ደስ ይበልህ» ማለት ነው አሉ። ጎረቤታችን ባዶ ቤት ውስጥ ቆማ ምን ስትልሽ እንደነበር አስቢው።

እኔ ገና እንዳንቺ አልሆንሁም። ሌሊት ነቅቼ የቤት ኪራይ የማሰላበት ቀን ይበዛል። ትናንት ግን ሲሚንቶ ስናወርድ ውለን ማታ እጄን ስታጠብ፣ ሳላስበው «ተመስገን» አልሁ። ልጅቷ «አባዬ፣ ሥራ አገኘህ?» አለችኝ። «አላገኘሁም» አልኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ልክ እኔ አንቺን እንዳየሁሽ።

ለመስከረም 21 ግሸን እወጣለሁ ያልሽውን ጉልበትሽን አይተን እንወስናለን፤ ብቻሽን እንዳትነሺ። የመሳፈሪያ ካገኘሁ ከዚያ በፊት እመጣለሁ። ያቺን ጣሳ ጓዳ እንዳስቀመጥሻት አውቃለሁ፤ የመጣሁ ቀን በእሷ አፍዪልኝ። ቡናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ለጎረቤታችን ሰላም በዪልኝ።

ልጅሽ