ሳያምሽ ሂጂ

ልጄ፣

ትናንት በስልክ «እማዬ፣ ምንም አያመኝም እኮ፤ ምን ብዬ ነው የማህፀን በር የምመረመረው?» ስትዪኝ ዝም አልኩሽ። ተቀይሜሽ አይደለም። ይቺን ቃል ከዚህ በፊት ከአክስትሽ ከእታለም አፍ ሰምቻታለሁ። በስልክ ብነግርሽ ማልቀሴ አይቀርም፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ።

እታለም ጡቷ ላይ ያለውን ነገር ያገኘችው ዶሮ ማነቂያ በነበረው ቤታችን፣ ገላዋን ስትታጠብ ነው። ጠርታኝ እጄን ይዛ አስነካችኝ። የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። ጠንከር ያለች፣ ብትጫኛትም የማታም። «አያመኝም። ካመመኝ እሄዳለሁ» አለች። እኔም አብሬያት ተጽናናሁ። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቆይታ አንድ ክሊኒክ ጎራ ብላ ነበር። በእጃቸው እንኳን ሳይነኳት «ካላመመሽ አታስቢ» ብለው ሸኟት። ከዚያ ጠበል ገባች። ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ጠበልም ሐኪምም አብረው ይሄዳሉ። ጥቁር አንበሳ ስንደርስ ዓመት ሊሞላው ነበር። የጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ብብቷ ሥር ሌላ እብጠት ወጥቷል። 44 ዓመቷ ነበር።

ልጄ፣ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሕመሙን የጠበቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከረፈደ ነው። ደግሞም አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። ሄደሽ ብትታዪ «ሰላም ነሽ» የመባል ዕድልሽ ሰፊ ነው። ግን ያንን የሚለየው ምርመራ ነው፤ የኔም የአንቺም እጅ አይለየውም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል እየሰማች ያደገች ሴት ለምን ደበቀች? ሰው ፈርታ ነው። ደግሞም ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። ቡና ስንጠጣ አንዷ ጎረቤት የእታለምን ሲኒ ለብቻው ስታስቀምጥ አይቻለሁ። እታለምም አየች። ምንም አላለችም፤ ሁለተኛውን ሳትጠጣ ተነሳች። ነቀርሳ የሚለው ቃላችን ሳያሳስተን አልቀረም። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ቲቢ ነው፣ እሱ ይተላለፋል። ካንሰር ግን በሲኒም፣ አብሮ በመብላትም፣ በመተቃቀፍም አይተላለፍም።

በዘር ይመጣብኛል ብለሽም አትጨነቂ። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች በዘር የመጣባቸው ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ይኼ ግን ሌላም ትርጉም አለው፦ በቤተሰቤ ማንም ስላልታመመ አይነካኝም ማለት አይቻልም። አንቺ ሐኪም ጋ ስትሄጂ አክስትሽ በስንት ዓመቷ እንደታመመች ንገሪ። መቼና በምን መታየት እንዳለብሽ ሲወስኑ ይጠቅማቸዋል።

አሁን ግን የምለምንሽ ለማህፀን በር ምርመራው ነው። የማህፀን በር ካንሰር መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ሰው የሚያፍረው ለዚህ ነው። ምንም አያሳፍርም። ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሆነ ጊዜ ይይዘዋል፤ ሰውነትም ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ሳይወገድ የቀረው ነው ቀስ እያለ ሴሎቹን የሚለውጠው። ካንሰር እስኪሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። 15 ዓመት፣ ልጄ! እታለም እንዲህ ያለ ጊዜ አልተሰጣትም።

የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት አገራችን ሲጀመር፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ስለነበር አንቺን አልደረሰሽም። የአጎትሽ ልጅ ትምህርት ቤት ተከትባለች። እሷም ብትሆን ዕድሜዋ ሲደርስ መመርመሯ አይቀርም። የጤና ጣቢያው ምርመራ በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ቀደም ብለው ይጀምራሉ። አንቺ ዘንድሮ 30 ሞላሽ።

እኔ የሄድኩት እታለም ካረፈች በኋላ ነው፤ እዚሁ አራዳ። ነርሷ ጥጥ እንደ ኮምጣጤ በሚሸት ፈሳሽ ነክራ የማህፀኔን በር ቀባችና ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ጠበቀች። የተለወጠ ቦታ ካለ ይነጣል። ከነጣ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ያክሙታል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን። የኔ አልነጣም። አላመመኝም፣ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር እንጂ። በቃ፣ አሥር ደቂቃ አልሞላም። እታለምን እያሰብኩ አልጋው ላይ እንባዬ ሲመጣ ነርሷ አሞኝ መስሏት ደንግጣ እጄን ያዘችኝ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ከግንኙነት በኋላ ወይም ያለ ወር አበባሽ ደም ካየሽ ቀጠሮም፣ እኔንም አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሂጂ።

ካልሆነ ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጂ። ወር አበባ ላይ ከሆንሽ ለሚቀጥለው እናድርገው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ እጠብቅሻለሁ። ሰፋ ያለ ቀሚስ ልበሺ፣ ሱሪ ያስቸግርሻል። ስንጨርስ ቁርስ እኔ ነኝ የምጋብዝሽ።

እናትሽ