እሁድ እሁድ የሚብስ የወገብ ሕመም፦ ለኤምአርአይ ምርመራ የድጋፍ ጥሪ

ታናሽ ወንድሜ ደሴ ውስጥ ጋራዥ ይሠራ ነበር። ወገቡን ማመም የጀመረው በ2007 ዓ.ም፣ በ21 ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ ብሎን የሚፈታ ልጅ ወገቡን ቢያመው ማን ይገርመዋል? እኛም አልገረመንም። እናታችን «ሲሚንቶ ላይ እየተኛ ብርድ መትቶት ነው» ብላ በቅቤ አሸችው። ወጌሻ ዘንድ ሄደ። ጠበል ገባ። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛ ዋጠ፤ ሲውጥ ይተወዋል፣ ሲያቆም ይመለስበታል።

ማናችንም ያላስተዋልነው አንድ ነገር ነበር። ሕመሙ የሚብስበት ሥራ በበዛበት ቀን ሳይሆን እሁድ ነበር። እሁድን ተኝቶ ሲውል ሰኞ ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ ያቅተዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ በግቢው ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ኮቴው ይሰማናል፤ ሲራመድ ይለቀዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል እንደ ግንድ ደርቆ ይቆይና ጋራዥ ገብቶ ሰውነቱ ሲፍታታ ደህና ይሆናል። «ተው እረፍ፣ ትንሽ ጋደም በል» እያልን የምንለምነው እኛ ነበርን። መተኛቱ ይጎዳው እንደነበር ያወቅነው ከ7 ዓመት በኋላ ነው።

ሕመሙ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ ይባላል፤ ሐኪሞች ዛሬ አክሲያል ስፖንዲሎአርትራይቲስ በሚለው ሰፋ ያለ ስም ይጠሩታል። የአከርካሪ ቁርጥማት ብንለው ያስኬዳል፤ ግን በእርጅና ከሚመጣው ቁርጥማት ይለያል። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያ ሲያስቆጣ የሚመጣ ብግነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዓመት በፊት፣ ብዙዎች ላይ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። የሚነሳው ከታች ነው፤ የአከርካሪው ጫፍ ከዳሌ አጥንት ጋር ከሚገናኝበት፣ ሳክሮኢሊያክ ከሚባለው መገጣጠሚያ። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው ላይ አጥንቶቹ እርስ በርስ ይጣበቁና ሐኪሞች በራጅ ሲያዩት «ቀርከሃ» ብለው የሚጠሩት ዓይነት ጀርባ ይሆናል። አንዴ የተጣበቀው ተመልሶ አይላቀቅም።

ወንድሜ በ2008 ራጅ ተነሳ። «ንጹሕ ነው» ተባለ። ራጁ አልዋሸም። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ላይ የደረሰ ጉዳትን ነው፤ ጉዳቱ በራጅ እስኪታይ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። በአውሮፓውያን 1984 የወጣው የተሻሻለው የኒው ዮርክ መስፈርት በሽታውን ለማረጋገጥ በራጅ የሚታይ የመገጣጠሚያ ጉዳት ይጠይቅ ስለነበር፣ ወጣቶች ስሙን ሳያውቁ ሲታመሙ ኖረዋል። በአውሮፓውያኑ 2009 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች መስፈርት ኤምአርአይን ያስገባው በዚህ ምክንያት ነው። ይህም ሆኖ በሌላው ዓለም እንኳ ከመጀመሪያው ሕመም እስከ ትክክለኛው ስም ድረስ በአማካይ 7 ዓመት ገደማ ያልፋል።

ኤምአርአይ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ትልቅ ማግኔት ነው፤ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውኃና ስብ ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጠውን ምላሽ አንብቦ ሥዕል ያወጣል። የጤነኛ አዋቂ ሰው የአጥንት መቅኒ ስብ ይበዛዋል፤ ብግነት ሲነሳበት ውኃ ይቋጥራል። ስቲር የሚባለው የማንሻ ዘዴ የስቡን ብርሃን አጥፍቶ የውኃውን ያስቀራል፤ ጤነኛው አጥንት ጠቁሮ፣ የተቆጣው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቲ1 የሚባለው ደግሞ የተቦረቦረውን አጥንትና ብግነቱ አልፎ ስብ የተካውን ቦታ ያሳያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ እሳቱ አሁን እየነደደ ነው ወይስ ነዶ አልፏል የሚለው ይለያል። ለዚህ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ አያስፈልግም፤ ይህም ወጪ ይቀንሳል።

ግን ማሽኑ የሚያየው አንሳ የተባለውን ቦታ ብቻ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ከፍለን ነው። በ2011 ወንድሜ ቁልፎቹን ሸጦ፣ እኛም አዋጥተን አዲስ አበባ መጣ። 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብሎ ሲወርድ ሁለት ሰው ደግፎት ነበር። የወገብ ኤምአርአይ ታዘዘለት፤ ውጤቱ «መጠነኛ የዲስክ መውጣት» አለ። መጠነኛ የዲስክ መውጣት ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም አላቸው። በሽታው የተቀመጠበት የዳሌ መገጣጠሚያ ግን ጭራሽ ፊልሙ ላይ አልገባም። የዲስክ ሕመምተኛ ተብሎ፣ «ከባድ ነገር አታንሳ፣ እረፍ» ተብሎ ተመለሰ። ሌላ 3 ዓመት ተኛበት።

ያወጣው የዓይን ሐኪም ነው። በ2014 አንድ ዓይኑ ቀልቶ፣ ብርሃን ማየት አቅቶት ሄደ። ሐኪሙ ዓይኑን ካየ በኋላ «ወገብህንስ ያምሃል?» ብሎ ጠየቀው። የውስጥ ዓይን ብግነትና ይህ የአከርካሪ ሕመም አብረው እንደሚሄዱ ያውቅ ነበር። በዚያች ጥያቄ ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ኤምአርአይ ገባ፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ ግን «ሳክሮኢሊያክ» የሚል ተጽፎ ነበር። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አንስቼ አየሁት፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን በሁለቱም ጎን ያለው ነጭ ለእኔም ታየኝ። ዛሬ መድኃኒቱን በክትትል ይወስዳል፣ ጠዋት ጠዋት ስፖርቱን ይሠራል፣ ወደ ሥራው ተመልሷል። አንገቱ ግን አይዞርም። ከኋላው ስትጠሩት በሙሉ ሰውነቱ ዞሮ ነው የሚያያችሁ።

በአገራችን ለዚህ ምስል የተለየ ክብደት የሚሰጠው ሌላም ምክንያት አለ። በ1973 እንደ አውሮፓውያን ከበሽታው ጋር ያለው ዝምድና የታወቀ ኤችኤልኤ ቢ27 የሚባል የዘር ምልክት አለ። አውሮፓ ውስጥ ከ10 የአንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ ታማሚዎች 9 ያህሉ ደማቸው ውስጥ ይገኛል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ምልክቱ በሕዝቡ ውስጥ ራሱ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የደም ምርመራው «የለም» ቢል በሽታው የለም ማለት አይደለም። የብግነት መጠን የሚለኩት የደም ምርመራዎችም በብዙ ታማሚዎች ላይ ደህና ሆነው ይወጣሉ። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ እጅ ላይ የሚቀረው የታማሚው ታሪክና ይህ ምስል ነው።

ምስሉ ብቻውን ይፈርዳል ግን አንልም። በቅርብ የወለደች እናት፣ ሯጭ ወይም ወታደራዊ ሥልጠና ላይ ያለ ወጣት እዚያው መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሊያሳዩ ይችላሉ። እኛ አገር ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም ይህንኑ መገጣጠሚያ ያጠቃል። ቲቢ ያለበትን ሰው በስህተት የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ማስጀመር አደገኛ ነው። ስለዚህ ያለ ሐኪም ወረቀት ማንንም ወደ ምርመራ አንልክም፤ ውጤቱንም ተመልሶ የሚያነበው ያው ሐኪም ነው።

እኛ የዚህ ሕመም ታማሚዎችና ቤተሰቦች ነን። በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ተዋወቅን፤ እንደ እድር በየወሩ እያዋጣን እስካሁን 6 ሰዎች አስመርምረናል። አንደኛው ቲቢ ሆኖ ተገኘና ወደ ቲቢ ሕክምናው ሄደ፤ ለእኛ ያም ትልቅ ውጤት ነው። ከመዋጮአችን አቅም በላይ የሆነብን አሁን ነው። ለሚቀጥለው ዙር 40 ሰዎችን ማስመርመር እንፈልጋለን፦ ሕመሙ ከ45 ዓመት በፊት የጀመራቸው፣ ከ3 ወር በላይ የቆየባቸው፣ እረፍት የሚያብስባቸው፣ ራጃቸው ንጹሕ የተባለና መክፈል የማይችሉ። የምርመራው ዋጋ ከማዕከል ማዕከል ይለያያል፤ ለቀን ሠራተኛ ግን የትኛውም ቢሆን የብዙ ሳምንት ገቢ ነው። ገንዘቡ ለማዕከሉ በቀጥታ ይከፈላል። ከገጠር ለሚመጣ ሰው የአስታማሚውን ጨምሮ ትራንስፖርትና የሁለት ሌሊት ማደሪያ እንሸፍናለን። ደረሰኞቹ በየወሩ ላዋጣ ሁሉ ይላካሉ፤ ወጪ የሚደረገው በሦስት ሰው ፊርማ ነው።

«ለምን ማሽን አትገዙም?» የሚሉን በጎ ሰዎች አሉ። ሐሳቡ ያስደስተናል፣ ግን አንገባበትም። አብዛኛው ኃይለኛ ማግኔት በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ ነው፤ የማይቋረጥ መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ ሞገድ የማያስገባ ክፍል፣ የሠለጠነ ባለሙያና መለዋወጫ ይፈልጋል። በልመና ተገዝቶ በመለዋወጫ እጦት የሚቆም ማሽን ማንንም አያድንም። ያሉትን ማሽኖች ለትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ ማሠራት ይሻላል። ለሐኪሞች የምናድለው አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጀነውም ለዚህ ነው፤ ወገብ ብቻ ሳይሆን ሳክሮኢሊያክ፣ ስቲርና ቲ1 ብለው እንዲያዙ ያስታውሳል።

ስለ ሴቶች ለብቻው ልናገር። ይህ የወንድ በሽታ ነው የሚለው አሮጌ እምነት ብዙ እህቶቻችንን አስቀርቷል፤ ሴቶች ላይ በሽታው ስሙን እስኪያገኝ ከወንዶች ይበልጥ ይዘገያል። «ወሊድ ነው፣ እንስራ ነው፣ አረብ አገር የሠራሽው ሥራ ነው» ይባላሉ። ካስመረመርናቸው መካከል ከጅዳ የተመለሰች እህት አለች፤ ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳትን ሕመም አሠሪዎቿ ስንፍና ነው ይሏት ነበር። የእሷም ፊልም ነጭ ነበር።

ዋሽንግተንም ሁኑ ቴል አቪቭ፣ ዱባይም ሁኑ ፍራንክፈርት፣ ለቤተሰባችሁ በየጊዜው የሕመም ማስታገሻ የምትልኩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኛም ከዱባይ ሲላክልን ኖረናል። እባካችሁ ከሚቀጥለው እሽግ በፊት ስልክ ደውሉና ጠይቁ፦ ሌሊት ይቀሰቅስሃል? ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ትደርቃለህ? ስትንቀሳቀስ ይሻልሃል? ዓይንህ ቀልቶ ያውቃል? መልሱ አዎ ከሆነ ኪኒኑ ሳይሆን ሐኪሙ ይቅደም። ለሌላው ቤተሰብ ደግሞ ከእኛ ጋር አዋጡ። 100 ብርም ይሁን የአንድ ሰው ሙሉ ምርመራ፣ እኩል ይመዘገባል።

ገንዘብ የሌላችሁም ትፈለጋላችሁ። ፊልም በነፃ የምታነቡ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች፣ ቅናሽ የምታደርጉ የምርመራ ማዕከላት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለሁለት ሌሊት አልጋ የምትሰጡ፣ ከመናኸሪያ ሰው የምትቀበሉ፤ የአንዳችሁ መኪና ብቻ አንድ ታማሚን ከታክሲ ግፊያ ታድነዋለች። የሒሳብ ቁጥሩን እዚህ ያላሰፈርነው በየቴሌግራሙ ቁጥር ቀይረው የሚያጭበረብሩ ስላሉ ነው። ይህን ጽሑፍ የላከላችሁን የምታውቁትን ሰው ጠይቁ፤ ከእኛ አንዱ በአካል ወይም በስልክ ያገኛችኋል።

ዝርዝራችን ላይ የመጀመሪያው ከወረኢሉ አካባቢ የመጣ የ19 ዓመት ተማሪ ነው። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ መማር ስላቃተው ከኋላ ቆሞ ይጽፋል። ሐኪሙ የጻፈለት ወረቀት እጁ ላይ ነው፣ መገጣጠሚያውም በትክክል ተጠቅሷል። የጎደለው የምርመራው ክፍያና የእሱና የአባቱ የአውቶቡስ ትኬት ነው።