«ሕዝባዊ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለቤቱ ስላልታወቀው የሠርግ ዜማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንዲት እናት የዘፈኑትን ይህን ዜማ ካሴት ላይ ፈልጋችሁ ባለቤቱን ስታጡ፣ «ሕዝባዊ ነው፣ የወሎ ነው» ብላችሁ አልፋችሁታል። ግን ግጥሙ ውስጥ የወሎዋ ከተማ ባቲ ስለተጠራች ብቻ ዜማውን ለወሎ መስጠት አያስኬድም። አዝማሪ እኮ የሄደበትን አገር ስም ግጥሙ ውስጥ ይሰካል፤ ሽልማቱ የሚመጣው ከዚያ ነው! ግጥም ቶሎ ይቀየራል፣ ዜማ ግን ይቆያል።

መጀመሪያ ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የተሠራባቸው ድምፆች አደራደር፣ ይለይ። እዚህ ላይ ጆሮ ይሸወዳል። አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች የመጀመሪያ ሦስት ድምፆቻቸው አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት አራተኛውና አምስተኛው ላይ ነው። ማሲንቆ ላይ ጣት ትንሽ ከተንሸራተተ አንዱ ሌላውን ይመስላል። በክራር ቢፈተሽ ይሻላል፤ ክሮቹ ቀድመው ስለሚቃኙ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ቅኝቱ ቢታወቅም አገሩ ታወቀ ማለት አይደለም፤ አምባሰል ሸዋም ጎንደርም ይዘፈናል።

ደግሞ ፍለጋው ካሴት ላይ ለምን ይቆማል? ዘፋኙና ገጣሚው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው በሸክላ (በድሮው የሙዚቃ ዲስክ) የተቀረጹት በ1908 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የድሮ ሸክላዎችም ይሰሙ።

በሚቀጥለው እትም ዘፋኟን እናት «ከማን ተማሩት? የት?» ብላችሁ ጠይቁልን።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ