ስለ ነጭ ሽንኩርቱና ስለ ዋርፋሪኑ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እናቴ የልብ ቫልቭ ካስቀየሩ ወዲህ የሰው ስም ይጠፋባቸዋል፤ ወጥ ጥደው ይረሳሉ። የእሳቸው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ባይፓስ የተባለውን የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ 261 ሰዎች 53 በመቶው ከሆስፒታል ሲወጡ የማሰብ ችሎታቸው ቀንሶ እንደነበር፣ ከስድስት ወር በኋላ ግን ቁጥሩ 24 በመቶ መሆኑን አሳይቷል።

ጎረቤት ግን ስድስት ወር አይጠብቅም! አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ሌላዋ ከውጭ የተላከ የጊንኮ እንክብል (ለማስታወስ ይረዳል የሚባል ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ) ይዛ ትመጣለች። ጊንኮ ከ3,000 በሚበልጡ አረጋውያን ላይ ተሞክሮ የመርሳት በሽታን አልተከላከለም፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን አለመሥራቱ ሳይሆን ዋርፋሪን የተባለው መድኃኒታቸው ነው። የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን ይወስደዋል፤ ጊንኮም ሆነ በብዛት የተወሰደ ነጭ ሽንኩርት የመድማቱን አደጋ ሊያባብስ ይችላል። ደሙ አንጎል ውስጥ ከፈሰሰ፣ ልናተርፈው የደከምንለትን አእምሮ ይዞት ይሄዳል።

የባህል መድኃኒት አልንቅም፤ እኔም ያደግሁት በዳማከሴ ነው። ሐኪሞች ግን በቀጠሮ ቀን «ምን ዕፅ ይወስዳሉ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ነበረበት? እናቴን እስካሁን የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም ቁጣ ፈርተው አልተናገሩም።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ